ጭሱ ይበተናል፣ ጋዙ ይከርማል

አንድ ሚኒባስ ታክሲ ማደያ ገብቶ 40 ሊትር ናፍጣ ቀዳ እንበል። ሹፌሩ ከፈለ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ ወጡ። ማታ ላይ ታንኩ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ናፍጣ የት ገባ? "ተቃጠለ" እንላለን። አለቀ፣ ጠፋ ማለታችን ነው። ግን አልጠፋም። 40 ሊትር ናፍጣ ሚዛን ላይ ቢወጣ 34 ኪሎ ገደማ ነው። ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው ሲወጣ 107 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኗል። ከኩንታል ይበልጣል። እንደ ጤፍ በጆንያ ቢታሰር አንድ ሰው ብቻውን አያነሳውም።

ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። 34 ኪሎ ገብቶ እንዴት 107 ኪሎ ይወጣል? ጭማሪው የመጣው ከአየር ነው። ናፍጣ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየር ላይ ኦክስጅን ይይዛል። አንዱ የካርቦን አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይዞ ይወጣል፤ ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይከብዳል። ስለዚህ 12 ኪሎ ካርቦን ሲነድ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እሳት ነገሩን አያጠፋውም፤ ከዓይናችን ይሰውረዋል እንጂ።

ዓለም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ በዓመት የምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ37 ቢሊዮን ቶን አልፏል። ቁጥሩ ሲጠራ ከጆሮ አይገባም። በኩንታል ላስቀምጠው። ለዓለም ሕዝብ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት 45 ኩንታል ገደማ ይደርሰዋል። የአንድ አሜሪካዊ ድርሻ 140 ኩንታል አካባቢ ነው። የኳታር ነዋሪ ከ350 ኩንታል በላይ። የኢትዮጵያዊ ድርሻ ሁለት ኩንታል እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ስለ ካርቦን ሲወራ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አብሮ ይደባለቃል። አቀበት ላይ አሮጌ የጭነት መኪና እያጓራ የሚለቀው ጥቁር ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። ጥላሸት ነው፤ በደንብ ያልነደደ ነዳጅ። ሳንባ ይጎዳል። ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ረግፎ ወይም በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ምንም ጭስ የማይታይበት አዲስ መኪናም አንድ ሊትር ናፍጣ ካቃጠለ የሚያወጣው ጋዝ ከአሮጌው መኪና አንድ ሊትር ጋር ተቀራራቢ ነው።

በር ተዘግቶ ከሰል ሲያድር ሰው የሚገድለውም እሱ አይደለም። ያ ወንድሙ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። በብርድ ወራት ቤተሰብ ሙሉ የሚቀጥፈው እሱ ነው። ከርዕሴ ቢወጣም ሳልለው አላልፍም፤ እባካችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ። የኦዞን ነገርም ለየት ያለ ጉዳይ ነው። "ኦዞን ተቀደደና ሙቀት ገባ" እየተባልን ያደግን ብዙ ነን። ኦዞንን የጎዱት የፍሪጅና የስፕሬይ ጋዞች ነበሩ። በ1987 በሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ተደረገ፤ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ምድር የምትሞቀው በቀዳዳ በሚገባ ሙቀት ሳይሆን መውጣት ባቃተው ሙቀት ነው።

ይህ መውጣት አለመቻል ምን እንደሆነ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ሲቆጠርበት ያደረ ሌሊት፣ ጠዋት ማሳው ነጭ ለብሶ ይገኛል። ውርጭ ጥሏል። ባቄላው ጠቁሯል። ደመና ሸፍኖት ያደረ ሌሊት ግን እንዲያ አይደለም። የሁለቱም ቀን ፀሐይ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ሌሊታቸው ግን ይለያያል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌት ተቀን መልሳ ወደ ጠፈር ትለቃለች። የምትለቀው በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር ነው። ምድጃ ዳር ስትቀመጡ ፍሙን ሳትነኩት ፊታችሁን የሚለበልባችሁ ያ ጨረር ነው። ሰማዩ ጥርት ካለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ጨረሩ ብዙም የሚይዘው ሳያገኝ ያልፋል። ደመናና የውሃ እንፋሎት ካሉ ይይዙትና ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። ገበሬው አመሻሽ ላይ ቀና ብሎ "ዛሬ ውርጭ አለ" ሲል የፊዚክስ ሕግ ነው የሚናገረው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ፣ ደመና መጥቶ ይሄዳል። እሱ ግን ቀንም ሌትም፣ ክረምትም በጋም ከላይ አለ። የለበስነው ልብስ እንደማለት ነው። ጋቢ ሙቀት አያመነጭም፤ የገላችን ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዛል። ምድር እንዲህ ያለ ልብስ ባይኖራት አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር። አሁን 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ልብሱ ራሱ በረከት ነው። ያለ እሱ ባሕሩም በረዶ፣ እርሻውም በረዶ ነበር። ችግሩ ነጠላ ለብሳ በኖረች ምድር ላይ በየዓመቱ ሌላ ነጠላ እየደረብንባት መሆኑ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "የአሁን ዘመን ወሬ ነው" ይላል። አይደለም። በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት የተለያዩ ጋዞችን በመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጋ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሞቀ። ከፀሐይ ከተነሳ በኋላም ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። በ1859 ጆን ቲንዳል ለንደን ላይ የሙቀት ጨረር የሚይዙት የትኞቹ ጋዞች እንደሆኑ በመሣሪያ መለካት ጀመረ። ከዚያ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ተነሳ። አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ስንት ዲግሪ ትሞቃለች ብሎ በወረቀትና በእርሳስ አሰላ። ውጤቱን ያሳተመው በ1896 ነው። አድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት ማለት ነው። ሳይንሱ ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ሌላው ጥያቄ ስለ መጠኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ውስጥ ከ10,000 እጅ አራት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይህች ቅንጣት ምን ታመጣለች? ጥሩ ጥያቄ ነው። የቀረው አየር ከሞላ ጎደል ናይትሮጅንና ኦክስጅን ነው። እነዚህ ሁለቱ የሙቀት ጨረርን አይይዙም፤ እንደ ንጹሕ መስታወት ያሳልፉታል። ስለዚህ ሥራውን የሚሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ላይ የሚጨመር ነገር ደግሞ ቶሎ ይታወቃል።

ጭማሪው የእኛ መሆኑስ በምን ይታወቃል?

በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መሣሪያ ተከለ። ከከተማም ከፋብሪካም የራቀ ቦታ ነው። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ገደማ የሚሆኑት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ልኬቱ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በ2024 አማካዩ ከ424 በላይ ነበር። ከፋብሪካ ዘመን በፊት የነበረው 280 አካባቢ ነው። ይህንን የምናውቀው አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ከታሰሩ ጥንታዊ የአየር አረፋዎች ነው። በረዶው 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። በዚያ ሁሉ ዘመን ቁጥሩ ከ300 ብዙም ዘሎ አያውቅም።

የኪሊንግ መስመር ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ቁጥሩ በየዓመቱ ትንሽ ወረድ ይልና መልሶ ይወጣል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ ካርቦኑን ይስባሉ፤ ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ ይመልሱታል። ምድር ስትተነፍስ በወረቀት ላይ ይታያል። ግን እያንዳንዱ ትንፋሽ ከባለፈው ከፍ ብሎ ይጀምራል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ሰማይ ደረሰ። "ተራራው በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ካጨሰ የኛ መኪና ምን ቁም ነገር አለው?" ማለት የተለመደ ነው፤ ሰው ይህን ማለቱም አይገርምም። ነገር ግን የዓለም እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚያወጣው አንድ በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። እንዲያውም ትልልቅ ፍንዳታዎች ለጊዜው ምድርን ያቀዘቅዛሉ። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ወደ ላይ የረጨው ድኝ የፀሐይ ብርሃንን ጋርዶ የዓለም ሙቀት ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀንሶ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ብራና ዕድሜው የታወቀው በካርቦን 14 ነው። በአራተኛውና በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የተዘጋጀ መሆኑ የተገኘው በዚህ ልኬት ነው። ካርቦን 14 በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ውስጥ በጥቂቱ አለ፤ ነገሩ ሲሞት ግን ቀስ እያለ ይጠፋል። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት መሬት ውስጥ ስለኖሩ ካርቦን 14 የላቸውም። ታዲያ አየር ላይ የተጨመረው ካርቦን ከዚያ ከመጣ፣ የአየሩ ካርቦን 14 መሳሳት አለበት። ሲለካ እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። በ1955 ሃንስ ሱስ የተባለ ተመራማሪ ይህን በዛፍ እንጨት ውስጥ አሳየ። የብራናውን ዕድሜ የነገረን መሣሪያ የአየሩንም ነገር ነገረን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ሮቶን ያውቃል። ከላይ የሚሞላ ቧንቧ አለው፣ ከታች የሚቀዳ ቧንቧ አለው። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ውሃው ከፍ ይላል። የላዩን ቧንቧ ትንሽ ጠበቅ ብታደርጉትስ? የሚገባው አሁንም ከሚወጣው ከበለጠ ውሃው ከፍ ማለቱን አያቆምም። የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው።

አየሩም እንዲሁ ነው። ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህሉን ባሕርና ዕፅዋት ይቀዱታል። (ባሕሩ ይህን ሲያደርግ ውሃው እየጎመዘዘ መሄዱ የራሱ መዘዝ አለው።) ግማሹ ሮቶው ውስጥ ይቀራል። በ2020 በኮሮና ምክንያት አውሮፕላን ቆሞ፣ ፋብሪካ ተዘግቶ፣ የዓለም ልቀት በ5 በመቶ ገደማ ወረደ። በቶን ሲቆጠር በአንድ ዓመት እንዲህ የወረደበት ጊዜ አይታወቅም። ማውና ሎዋ ላይ ያለው ቁጥር ግን መጨመሩን ቀጠለ። ብዙ ሰው ተስፋ የቆረጠው ያኔ ነው። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የዓመቱ ልቀት አንድ ነገር ነው። የተከማቸው ሌላ ነገር ነው። ምድርን የሚያሞቃት የተከማቸው ነው።

የተከማቸው ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ከከብትና ከሩዝ ማሳ የሚወጣው ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ኃይለኛ ነው፤ ግን በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ከምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከ15 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከ1,000 ዓመት በኋላም አየር ላይ ይገኛል። 1,000 ዓመት! በ1860ዎቹ መገባደጃ የናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ በእንፋሎት መርከብ ነው የመጣው። ዙላ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። መርከቦቹና ባቡሮቹ ያነደዱት የድንጋይ ከሰል ጭሱ ያኔውኑ ተበተነ። ጋዙ ግን ከፊሉ ዛሬም ከራሳችን በላይ አለ። መቅደላ ታሪክ ሆነ፤ ያ ጋዝ ገና ሥራ ላይ ነው።

ከ1850 እስከ 2019 የሰው ልጅ 2,400 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ስሌት እንደሚለው እያንዳንዱ 1,000 ቢሊዮን ቶን ምድርን በ0.45 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል። ቀጥተኛ ሂሳብ ነው። መቼ ወጣ፣ ከየት ወጣ አይልም። 2024 ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው ሙቀት 1.5 ዲግሪን ያለፈ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል።

ታዲያ የተከማቸው የማን ነው? ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል እስካሁን ከወጣው ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። በዓመታዊው ሠንጠረዥ ግን ቀዳሚዋ ቻይና ናት፤ ከዓለም ልቀት ሲሶ ያህሉን ታወጣለች። መላው አፍሪካ ከተከማቸው ላይ ያለው ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው "ሁላችንም ተጠያቂ ነን" የሚለው አነጋገር የማይዋጥልኝ። ሁላችንም እንሞቃለን። ጋቢውን የደረበው ግን ሁላችንም አይደለንም።

ሙቀቱ ምን ያደርጋል ስንል፣ እኛ አገር ነገሩ በአብዛኛው የውሃ ጉዳይ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። ዝናብ ሲጥል ብዙ ይጥላል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ የሞቀው አየር የአፈሩን እርጥበት አብዝቶ ይጠጣል።

ቦረናን ተመልከቱ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከዱት። የቦረና አርብቶ አደር ዓመቱን የሚቆጥረው በሁለት ዝናብ ነው፤ ከመጋቢት የሚጀምረው "ገና" የሚሉት፣ ከመስከረም ማብቂያ የሚጀምረው ደግሞ "ሀገያ" የሚሉት። አንዱ ቢቀር ሌላውን ይጠብቃል። ሁለት ሲቀር ከብት ይሸጣል። አምስት ሲቀር ግን የሚሸጥ የለም። መጀመሪያ ላሟ መነሳት ያቅታታል። ሰዎች ተረዳድተው፣ ጅራትና ትከሻዋን ይዘው ያቆሟታል። በማግስቱ ደግሞ ያቆሟታል። ከዚያ አንድ ቀን ብትቆምም እግሯ አይጸናም። ከብት ለቦረና ምግብም፣ ባንክም፣ ጥሎሽም፣ ክብርም ነው። መቶ ከብት የነበረው ሰው መጠለያ ካምፕ ገብቶ ስንዴ ጠበቀ።

ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የሚባለው የተመራማሪዎች ቡድን በ2023 ይህን ድርቅ መረመረ። ውጤቱ በደንብ መነበብ አለበት። የዝናቡ መቅረት ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። የመጋቢቱ ዝናብ የመቅረት ዕድሉ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት እጥፍ ያህል ጨምሯል። የመስከረሙ ዝናብ ግን በአዝማሚያው እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ያኔ የቀረው በላ ኒና፣ ማለትም በፓሲፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ተጽዕኖ ነበር። ትልቁን ልዩነት ያመጣው ሙቀቱ ነው። የጣለችውንም ጥቂት ዝናብ ሙቀቱ ከአፈሩ መልሶ መጠጣት ጀመረ። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት ያ ዓይነት የአፈር ድርቀት የመድረስ ዕድሉ ቢያንስ 100 ጊዜ ያህል ጨምሯል። ምድር ባትሞቅ ኖሮ ያው ዝናብ ቢቀርም እንዲያ ያለ ድርቅ ባልሆነ ነበር። ከዚያ በ2023 መጨረሻ ኤል ኒኖ፣ ማለትም የዚያው ውቅያኖስ መሞቅ መጣና በድርቅ በተመታው ምሥራቅና ደቡብ ጎርፍ ገባ። ደረቅ መሬት ላይ የወረደ ዶፍ አይሰርግም። ይጠርጋል።

ደጋውም አላመለጠም። ቢሾፍቱ አካባቢ በተሰበሰበ የብዙ ዓመት መረጃ ላይ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። "እኛ ጋ ወባ የለም" ብሎ የሚኖር ደገኛ አጎበር አይሰቅልም፤ ሰውነቱም ለበሽታው እንግዳ ነው። ቡናም እንዲሁ። የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ቡና ወደ ላይ፣ ወደ ቀዝቃዛው መውጣት ይችላል። ከላይ ግን ሌላ ገበሬ አለ፣ ወይም ደን አለ።

ሁሉንም በካርቦን ማሳበብም ልክ አይደለም። ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ሲታረስ፣ ደን ሲመነጠር፣ የግጦሽ መሬት ሲጠብ ድርቁ ይከፋል። ይህ የራሳችን የቤት ሥራ ነው። ሙቀቱ የሚያደርገው የቆየውን ቁስል ማመርቀዝ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። ሳዑዲ በሙቀቱ ወራት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ከሕጉ ውጭ ያለው ሰዓትም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2024 የሐጅ ወቅት መካ ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ተመዝግቦ ከ1,300 በላይ ሰው ሞቷል። በነፍስ ወከፍ ብዙ ጋዝ የሚያወጡት አገሮች ውስጥ ፀሐዩ ላይ ቆሞ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ጋዙን ካላወጣ አገር የመጣ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ ልቀት ከየት ነው? ከታክሲው አይደለም ዋናው። መንግሥት በ2011 ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚለው በ2010 የአገሪቱ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ ሁሉም ጋዞች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው ማለት ነው። ከዚህ ከ85 በመቶ በላይ የሚመጣው ከግብርናና ከደን ነው። ከከብት ሚቴን፣ ከሚመነጠር ዛፍ።

ስለ ዛፍ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ችግኝ መትከል ወገቤን ይዤ የምሟገትለት ነገር ነው፤ ለአፈሩ፣ ለምንጩ፣ ለጥላው። ነገር ግን "ዛፍ ተክለናል፣ ካርቦኑን አካክሰናል" ሲባል እጠነቀቃለሁ። ዛፍ ያደገበትን ካርቦን ይይዛል፤ ሲቆረጥና ሲነድ ይመልሰዋል። በምድር ላይ ያለውን ካርቦን ያዘዋውራል። የናፍጣው ካርቦን ግን ከመሬት ሆድ የወጣ አዲስ ጭማሪ ነው። አንድ ዛፍ ለዓመታት ሰብስቦ የሚይዘውን ያ ሚኒባስ በአንድ ታንክ ያወጣዋል። ያም ዛፉ ከጸደቀ ነው።

ኃይል ላይ ግን ኢትዮጵያ የሠራችውን ማሳነስ አልፈልግም። ከኤሌክትሪኩ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዓለም ከዚህ ቀድሞ እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። ውሳኔው የተወሰነው ይበልጡን ለነዳጅ የሚወጣውን ዶላር ለማዳን ነው። ይሁን። የኤሌክትሪክ መኪና በድንጋይ ከሰል በሚበራ አገር ሲነዳ ጋዙ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ሲነዳ ግን በእውነት ይቀራል። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የግል መኪና ያለው ጥቂት ሰው ነው። እንጀራ የሚጋግረው ግን ሁሉም ቤት ነው፣ አብዛኛውም በእንጨት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ በሚቆራረጥ መብራት ሊጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። የገጠሩ መስመርና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ቢስተካከል ለደኑም፣ ጭስ ውስጥ ለምትውለው እናትም ከመኪናው በላይ ይጠቅማል።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል ቤሌም ላይ በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የ2027ቱን ጉባኤ ኢትዮጵያ እንድታስተናግድ ተወስኗል። 32ኛው ጉባኤ፣ አዲስ አበባ። እስካሁን ያለውን የገንዘብ ነገር አስታውሱ። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ ድሃ አገሮች የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ተቋቋመ፤ ቃል የተገባለት ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ሳይሞላ ዓመታት አለፉ። በ2024 ባኩ ላይ ሀብታም አገሮች እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ ተስማሙ። ታዳጊ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። ከዚያም ውስጥ ብድሩ ብዙ ነው። ቦረና ላይ ለሞተች ላም ብድር ይዞ መምጣት ለእኔ ካሳ አይደለም።

በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሠንጠረዥ አለ። አንደኛው ማን በዓመት ስንት አወጣ የሚለው ነው። ሁለተኛው ማን እስካሁን ስንት አከማቸ የሚለው። በመጀመሪያው ብቻ ከተነጋገርን ወሬው ሁሉ ቻይናና ሕንድ ላይ ያርፋል፤ ናፒየርን የጫነችው መርከብ ትረሳለች። አስተናጋጅ አገር ውጤቱን አይወስንም፣ ውይይቱ ከምን እንደሚጀምር ግን ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ሠንጠረዥ እንዲቀርብ እፈልጋለሁ። በኩንታል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ያቤሎ ያለው ሰውም እንዲያነበው።